ፈረሱና ሱቁ፦ «ኤልጋር» የተባለውን ፊልም ለተማሪዎቻችን እናሳይ ወይ?

የአሜሪካ ፊልም ማየት የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ዜማ ያውቃል። ተመራቂዎች ጋዋን ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ በሰልፍ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ቀስ ብሎ እየከበደ የሚሄደው ዜማ ነው። ብዙዎቻችን ዜማውን ብንሰማ እናውቀዋለን፤ የደራሲውን ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ደራሲው ኤድዋርድ ኤልጋር የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ዜማው በ1901 ከጻፈው የማርሽ ሙዚቃ መካከለኛ ክፍል የተወሰደ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1905 የአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ለኤልጋር የክብር ዶክትሬት ሲሰጥ ይኸው ማርሽ ተጫወተ፤ ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የምረቃ ዜማ ሆኖ ቀረ። የሚገርመው ግን ዜማውን የደረሰው ሰው ራሱ ዩኒቨርሲቲ አልተማረም። ትምህርት ቤት የለቀቀው በ15 ዓመቱ ነው።

ስለዚህ ሰው ሕይወት የተሠራ «ኤልጋር» የሚባል ፊልም አለ። ድራማ የተቀላቀለበት ዘጋቢ ፊልም ነው። ቢቢሲ «ሞኒተር» በተባለው የኪነ ጥበብ ፕሮግራሙ ኖቬምበር 11 ቀን 1962 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ዳይሬክተሩ ያን ጊዜ የ35 ዓመት ሰው የነበረውና በ2011 ያረፈው ኬን ራስል ነው። ተራኪው ደግሞ የፕሮግራሙ ኃላፊ ሂው ዌልደን ነው።

ፊልሙን እኛ መምህራን ከከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ሆነን አየነው። ካየነው በኋላ የተነሣው ጥያቄ «ፊልሙ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚል ሳይሆን «ለሌሎቹም ክፍሎች እናሳየው ወይ?» የሚል ነበር። የእኛ መልስ «አዎ፣ ግን መምህር አብሮ ይቀመጥ» የሚል ነው። ምክንያቱም ይህ ፊልም በአንድ በኩል ለእውነት በጣም የሚጠነቀቅ ሥራ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሚያምር ሥዕል ተማሪን ያሳስታል። የሚያሳስትበት ቦታ የእኛን ተማሪዎች በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ ነገሩን ዘርዘር አድርገን ልንጽፍበት ወደድን።

ዝም የሚሉ ተዋንያን

ፊልሙ ከተጀመረ ጥቂት ደቂቃ እንደሄደ ከተማሪዎቹ አንዷ «ሰዎቹ ለምንድነው የማያወሩት?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤልጋርን ሆነው የሚታዩት ተዋንያን ከልጅነት እስከ እርጅና እንደ ዕድሜው ይለዋወጣሉ፤ አንዳቸውም ግን አንዲት ቃል አይናገሩም። ይሄዳሉ፣ ይጋልባሉ፣ ቫዮሊን ይይዛሉ፣ ይጽፋሉ። የሚናገረው ተራኪው ብቻ ነው። ከእሱ ሌላ የኤልጋር ሙዚቃ ይሰማል፤ በየመካከሉም እውነተኛ ፎቶግራፎችና በዘመኑ የተነሡ ፊልሞች ይገባሉ።

ይህ የሆነው ገንዘብ አጥሯቸው አይደለም። በዚያን ጊዜ ቢቢሲ ውስጥ በእውነት የኖረን ሰው በዘጋቢ ፊልም ላይ ተዋናይ እንዲጫወተው ማድረግ ተመልካችን እንደ ማታለል ይቆጠር ነበር። ራስል በ1961 ስለ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፕሮኮፊየቭ ፊልም ሲሠራ የተፈቀደለት የተዋናዩን እጅ፣ በውሃ ላይ የሚታይ ምስሉን፣ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻ ማሳየት ነበር። በ«ኤልጋር» አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሰውየው ከነሙሉ አካሉ ይታይ፣ አፉ ግን ይዘጋ ተባለ።

እኛ ይህን ደንብ ወደነዋል። ለምን ቢባል፣ ሰው በፊልም ላይ ሲናገር ያየ ተማሪ ንግግሩን እንደ ታሪክ ይዞት ይሄዳል። ኤልጋር ለሚስቱ «እንዲህ ሆነ» ሲላት ያየ ልጅ ፈተና ላይ «ኤልጋር እንዲህ ብሏል» ብሎ ይጽፋል። ቃሉን የጻፈው ግን ከ50 ወይም ከ100 ዓመት በኋላ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ የፊልም ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። በዚህ ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ ችግር የለም። የተነገረው ቃል ሁሉ የተራኪው ነው፤ ብንቀበለውም ብንከራከረውም ባለቤቱ ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ራስል በኋላ ከሠራቸው ፊልሞች ጋር ስናስተያየው ነገሩ የበለጠ ይገባናል። በ1968 ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ዴሊየስ «ሶንግ ኦፍ ሰመር» የሚባል ፊልም ሠራ። ዴሊየስ በመጨረሻ ዕድሜው ዓይነ ስውርና ሽባ ሆኖ ነበር፤ ኤሪክ ፌንቢ የተባለ ወጣት ከ1928 ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጦ በቃሉ የሚነግረውን ሙዚቃ ወደ ኖታ ይገለብጥለት ነበር። በዚያ ፊልም ተዋንያኑ ይናገራሉ። ነገር ግን ታሪኩ የተወሰደው ፌንቢ ራሱ ከጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ፊልሙም ሲሠራ ፌንቢ በሕይወት ስለነበር አብሮ ሠርቷል። ምስክር አለ ማለት ነው። በ1970 ደግሞ ስለ ጀርመናዊው ሪቻርድ ስትራውስ ሌላ ፊልም ሠራ። እዚያ ላይ ዳይሬክተሩ የፈለገውን አስደረገው፤ ስትራውስን ከናዚዎች ጋር አያይዞ እንደ መሣለቂያ አቀረበው። ቤተሰቡ ተቆጥቶ ሙዚቃውን ስለከለከለ፣ ፊልሙ የሙዚቃው የባለቤትነት መብት በ2019 መጨረሻ እስኪያበቃ ድረስ እንደገና ለሕዝብ መታየት አልቻለም። እንግዲህ አንድ ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ ከተዘጋ አፍ ተነሥቶ ያሻውን ወደሚናገር አፍ ደረሰ። አንዱ ጥበብ ነው፣ ሌላው አይደለም ማለታችን አይደለም። ተማሪ ግን በየፊልሙ «ይህን ቃል ማን ነው ያለው?» ብሎ መጠየቅ አለበት ነው የምንለው።

ኮረብታው ላይ የሚጋልበው ልጅ

ፊልሙ የሚከፈተው በፈረስ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ በማልቨርን ኮረብቶች ጫፍ ላይ ይጋልባል። ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ሣሩ በነፋስ ይተኛል፤ ቫዮሊኖቹና ቼሎዎቹ ከልጁ ጋር አብረው የሚሮጡ ይመስላሉ። እውነቱን ለመናገር እኛንም ከመቀመጫችን ብድግ ያደረገን ይህ ነው። በማግስቱ ተማሪዎቹን «ምን ትዝ አላችሁ?» ስንላቸው አብዛኞቹ የጻፉት ስለ ፈረሱ ነው። ፊልሙም ወደ ኮረብታው ይመላለሳል፤ ኤልጋር ካደገም በኋላ በእግሩም በብስክሌትም እዚያው ይታያል።

እንግዲህ ሙዚቃው ላይ እናተኩር። ከልጁ ግልቢያ ጋር የሚሰማው «መግቢያና አሌግሮ» የተባለው፣ ለባለ አውታር መሣሪያዎች የተጻፈ ሥራ ነው። ኤልጋር ይህን ሥራ ለሕዝብ ያቀረበው በማርች 1905 ነው። የተወለደው በጁን 1857 ስለሆነ ያን ጊዜ ዕድሜው 47 ነበር። ፈረሱ ላይ ያለው ልጅ ግን ቢበዛ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። በሥዕሉና በድምፁ መካከል 37 ዓመት ያህል አለ! ፊልሙ ይህን ዕድሜ በአንድ መቀስ ቆርጦ ይጥለዋል። የሚያየው ሰው «ሙዚቃው በነፋስ መጣለት፤ ልጁ ገና ፈረስ ላይ ሳለ ውስጡ ነበረ» ብሎ ያምናል። ማንም እንዲህ አላለም፤ ተራኪውም አላለም። ግን ሥዕልና ሙዚቃ ሲጣመሩ ይናገራሉ። ዌልደን የተዋንያኑን አፍ ዘጋ፤ የሥዕሉን አፍ ግን መዝጋት አልቻለም።

ኤልጋር ያን አገር አይወድም ነበር አንልም። የተወለደው ዉስተር ከተማ አጠገብ ብሮድሂዝ በምትባል መንደር ነው፤ በሜዳና በወንዝ ዳር መንሸራሸር፣ በኋላም ብስክሌት መንዳት ይወድ ነበር። ክርክራችን ኮረብታው ሙዚቃ አስተማረው ወይ በሚለው ላይ ነው።

ያስተማረውስ ምንድን ነው?

ያስተማረው የአባቱ ሱቅ ነው። አባቱ ዊልያም ኤልጋር ፒያኖ የሚቃኝ፣ ዉስተር ከተማ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያና የኖታ መሸጫ ሱቅ ያለው ሰው ነበር። በዚያ ላይ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወታል። ሀብታም አይደሉም፤ ቤተሰቡ የሚኖረው ከሱቁ በላይ ነበር። ልጁ ግን ከደረጃው ሲወርድ የሚያገኘው ኖታ፣ መጽሐፍና መሣሪያ ነው። እስቲ አስቡት፤ ለሌላው ልጅ ብርቅ የሆነው ነገር ለእሱ የቤት ዕቃ ነው።

በ15 ዓመቱ ትምህርት ሲያቋርጥ ፍላጎቱ ጀርመን አገር ላይፕዚግ ሄዶ ሙዚቃ መማር ነበር። ገንዘብ አልተገኘም። ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ አንድ ዓመት ያህል ሠርቶ ተወውና ቫዮሊን እያስተማረ፣ ሱቁን እያገዘ መኖር ጀመረ። ስለ ስምምነትና ስለ ኖታ አጻጻፍ የተጻፉትን የሱቁን መጻሕፍት አንድ በአንድ አነበበ። በ1877 ያጠራቀማትን ይዞ ለንደን ሄደና አዶልፍ ፖሊትዘር ከተባለ መምህር ጥቂት የቫዮሊን ትምህርት ወሰደ።

መምህራን በተለይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ1878 አካባቢ የሞዛርትን 40ኛ ሲምፎኒ ፊቱ ዘርግቶ ራሱን አሠለጠነ። በኖታ ላይ ሙዚቃ በቋሚ መስመሮች እየተከፈለ ነው የሚጻፈው። ኤልጋር ሞዛርት የተጠቀመባቸውን መሣሪያዎች ብቻ ተጠቅሞ፣ የክፍልፋዮቹን ቁጥር እኩል አድርጎ፣ ሞዛርት በተጠማዘዘበት ቦታ እየተጠማዘዘ የራሱን ዜማ አስገባ። አንድ ተማሪ ጥሩ ድርሰት ወስዶ፣ አንቀጹንም የዐረፍተ ነገሩንም ቁጥር ሳይለውጥ በራሱ ርዕስና በራሱ ቃላት ቢጽፍበት ማለት ነው። መምህር ሲያጣ ሞዛርትን መምህር አደረገው። ለዚህ ግን የሞዛርት ኖታ እጁ ላይ መኖር ነበረበት።

ከ1879 እስከ 1884 ድረስ ፖዊክ በተባለ ቦታ ባለው የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ የሠራተኞቹን ባንድ መራ። ባንዱ ዋሽንት፣ ክላርኔት፣ ኮርኔት፣ ቫዮሊን፣ ፒያኖ፣ ያለውን ሁሉ ያሰባሰበ ነበር። ኤልጋር ለዚህ ድብልቅ የጭፈራ ሙዚቃ ይጽፍ ነበር፤ የጻፈውንም ወዲያው ይሰማዋል። የትኛው መሣሪያ የቱን እንደሚሸፍን፣ ደካማ ተጫዋች ምን መጫወት እንደሚችል በጆሮው አጠና። በ1884 ታላቁ የቼክ ደራሲ ድቮርዣክ ዉስተር መጥቶ የራሱን ሥራዎች ሲመራ፣ ቫዮሊን ይዘው ከፊቱ ከተቀመጡት አንዱ ኤልጋር ነበር።

እንደዚያም ሆኖ በ1889 ለንደን ገብቶ አልተሳካለትም፤ በ1891 ወደ ማልቨርን ተመልሶ ማስተማሩን ቀጠለ። ማስተማር አይወድም ነበር፤ ለእንጀራ ነው የሠራው። ስሙ በእውነት የገነነው በ1899፣ «ኤኒግማ» ማለትም እንቆቅልሽ የተባለው ሥራው ለንደን ላይ ሲቀርብ ነው። ዕድሜው 42 ሆኗል። ትምህርት ቤት ከለቀቀ 27 ዓመት ማለት ነው። 27 ዓመት ሲሠራ የኖረን ሰው በአንድ የፈረስ ግልቢያ ማስረዳት ይቻላል እንዴ?

ከሱቁ ቀጥሎ ሚስቱ አለች። አሊስ ሮበርትስ የሕንድ ጦር ጄኔራል ልጅ ነበረች፤ ከእሱ በስምንት ዓመት ትበልጣለች፤ ከመጋባታቸው በፊት ልብ ወለድ አሳትማለች። ተማሪው ሆና ነው የተዋወቁት። ዘመዶቿ የባለ ሱቅ ልጅ፣ ያውም ካቶሊክ ታገባለች ብለው አልወደዱትም። በ1889 ተጋቡ። ወይዘሮ አሊስ በኖታ ወረቀቱ ላይ ቋሚ መስመሮቹን በማስመሪያ ታሰምርለት ነበር። አንድ ትልቅ የኦርኬስትራ ሥራ ስንት ገጽ እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። የኤልጋርን ስም ስንጠራ ያ ማስመሪያም ሊታወሰን ይገባል።

እኛን ምን አገባን?

በካምፕ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። አንደኛው «ተሰጥኦ ያለው ሰው ትምህርት አያስፈልገውም፤ እገሌን አታዩም?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ሰርተፊኬት ከሌለህ አለቀልህ፤ በቃ» የሚለው ነው። ተማሪዎቻችን በነዚህ በሁለቱ መካከል ይንገላታሉ። ከእኛም ከመምህራኑ መካከል ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ መንገድ ላይ የቀረን ስላለን ሁለቱንም ወሬ በደንብ እናውቀዋለን። የኤልጋር ፈረስ ለመጀመሪያው ወሬ ጥሩ ማስረጃ ይመስላል። ልጁ ትምህርቱን አቋረጠ፣ ኮረብታ ላይ ጋለበ፣ ከዚያ ሰር ኤድዋርድ ተባለ! እንዲህ ያለው ተረት የሚያስደስት ቢሆንም ለስደተኛ ተማሪ አደገኛ ነው። «ልጆቹ ጠንካሮች ናቸው፤ በራሳቸው ይወጡታል» ለሚል ሰውም ይመቸዋል። በራሳቸው ከወጡት የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ቢቀነስ፣ መጽሐፍ ባይገዛ ምን ቸገረ? ይባላል።

መዝገቡ የሚለው ግን ሌላ ነው። ኤልጋር ዲግሪ አልነበረውም፤ ሱቅ ግን ነበረው። ወደ ላይፕዚግ አልሄደም፤ የሞዛርት ኖታ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስለዚህ ለሁለተኛው ወሬም መልሱ እዚሁ አለ፤ ሰርተፊኬት ባይኖርም ማወቅ ይቻላል፤ መጽሐፍ፣ መሣሪያ፣ የሚለማመዱበት ቦታና አብሮ የሚለማመድ ሰው ከሌለ ግን አይቻልም። ለእኛ ተማሪ ሱቁ ያቺ የመጽሐፍ ሣጥን ናት፤ ገጹ የተገነጠለው መዝገበ ቃላት ነው፤ ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ናቸው፤ ማታ አብረው የሚያጠኑት አምስት ልጆች ናቸው። እነዚህ ሲጎድሉ «ጎበዝ ራሱን ያስተምራል» ብለን መጽናናት አይገባንም። ራሱን ያስተማረውን ሰው ቀረብ ብለን ስናየው እንኳ ዙሪያውን ብዙ ነገር ከቦት ነበር።

በአገራችን የሙዚቃ ታሪክም ይኸው ይታያል። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከጭፍጨፋ የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ያቋቋሙትን የነሐስ መሣሪያ ባንድ አዩ። 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በንጉሡ ዘመን የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። እነዚያ ልጆች ቤተሰብና አገር ያጡ ስደተኞች ነበሩ። ለወግ ያበቃቸው ማጣታቸው አይደለም፤ በገዳሙ መጠለያ ውስጥ መሣሪያና መምህር ስላገኙ ነው።

ማርሹና ጦርነቱ

አሁን ፊልሙ የተዋጣለትን ቦታ እናንሣ። ከላይ የጠቀስነው የምረቃ ዜማ በ1902 የአርተር ቤንሰን ግጥም ተጨመረበትና «የተስፋና የክብር ምድር» የሚባል መዝሙር ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ወኔ ለመቀስቀስ ዘመሩት። ራስል ይህን ዜማ ያስገባው ከጦርነቱ በተነሣ እውነተኛ ፊልም ላይ ነው። ምሽግ ይታያል፣ ጭቃ ይታያል፤ በመርዝ ጋዝ ዓይናቸው የታወረ ወታደሮች አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዘው በሰልፍ ይሄዳሉ። ከላይ ክብር፣ ክብር የሚል ዜማ ይሰማል። በክፍላችን ውስጥ ጦርነት ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ይህ ከፈረሱ በምን ይለያል? እዚያ ሥዕሉ የተፈጠረ ነው፤ ልጁም ተዋናይ ነው። እዚህ ግን ሥዕሉም እውነት፣ ዜማው በዚያ ጊዜ መዘመሩም እውነት ነው። ዳይሬክተሩ ያደረገው ሁለቱን እውነቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ ተመልካቹ ራሱ ይፈርዳል። ድራማና ማስረጃ የተቀላቀለበት ፊልም ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ሲደረግ ነው ብለን እናምናለን።

ቢሆንም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ምሬቱ የማነው? የኤልጋር ነው ወይስ የራስል? ኤልጋር ዜማውን እንጂ ቃላቱን እየጠላ መሄዱ፣ ሌላ ቃል ቢገባበት ይመኝ እንደነበር እውነት ነው። በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ ግን በ57 ዓመቱ ለንደን ውስጥ የረዳት ፖሊስነት አገልግሎት ገብቷል። ሁለቱም እሱ ነው። በዚያው ዓመት ጀርመን ቤልጂየምን ስትወርር «ካሪዮን» የተባለ ሥራ ጻፈ፤ የቤልጂየማዊው ገጣሚ የኤሚል ካመርትስ ግጥም በኦርኬስትራ ታጅቦ የሚነበብበት ነው። ያን ጊዜ 250,000 ያህል ቤልጂየማውያን ተሰደው እንግሊዝ ገብተው ነበር። በ1915 ደግሞ ለፖላንድ ጦርነት ተጎጂዎች መርጃ «ፖሎኒያ»ን ጻፈ። ስለዚህ የአንድ ሰው ሙዚቃ በአንድ ጦርነት ውስጥ ወታደር መሸኛም፣ ለተፈናቀለ ሕዝብ ማሰቢያም ሆኗል። መምህሩ ይህን ከፊልሙ ጎን ቢያነሣው የእኛ ተማሪ ኤልጋርን ከምንም በላይ የሚያውቀው በዚህ ይሆናል።

የተረሳ ሽማግሌ?

ወይዘሮ አሊስ በኤፕሪል 1920 ሞተች። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ያለውን ኤልጋር ብቸኛ፣ የተረሳ ሽማግሌ አድርጎ ያሳየናል። ግማሹ እውነት ነው። በ1919 ከቀረበው የቼሎ ኮንሰርቶ በኋላ ያን የሚያክል ሥራ አልጨረሰም፤ ወጣቱም ትውልድ ፊቱን አዙሮበት ነበር። ግማሹ ግን ተጋኗል። በ1924 የንጉሡ የሙዚቃ ሹም ሆነ። ሥራዎቹን ራሱ እየመራ በሸክላ አስቀረጸ፤ በ1932 በ75 ዓመቱ የቫዮሊን ኮንሰርቶውን ከ16 ዓመቱ ይሁዲ ሜኑሂን ጋር ሆኖ የቀረጸው እስከ ዛሬ ይደመጣል። በዚያው ዓመት ቢቢሲ ሦስተኛ ሲምፎኒ እንዲጽፍ አዘዘው፤ ሳይጨርሰው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1934 ሞተ። «ተረስቶ ሞተ» የሚለው ለፊልም ይመቻል፤ ሕይወት ግን እንዲያ ባለ ቀላል መስመር አይሄድም። ለፊልሙ ፍትሕ ለመስጠት፣ በቴሌቪዥን ተደጋግሞ ከታየ በኋላ የኤልጋርን ሙዚቃ ለአዲስ ትውልድ ያስተዋወቀው ይኸው ፊልም መሆኑንም መናገር ይገባል።

ክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

ለመምህራን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከፊልሙ በፊት ተማሪዎቹ ወረቀታቸውን በሦስት ረድፍ ይክፈሉት። በመጀመሪያው «ማስረጃ ያለው» ይጻፍ፤ ፎቶግራፍ፣ የዘመኑ ፊልም፣ ዓመተ ምሕረት። በሁለተኛው «ተራኪው ያለው»። በሦስተኛው «ሥዕሉና ሙዚቃው የነገሩኝ»። ፈረሱ ሲያልቅ ፊልሙን አቁሙና «ይህ ሙዚቃ የተጻፈው መቼ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የተባለው ዓመት ሲነገራቸው ፊታቸውን እዩ። ጦርነቱ ላይ ሲደርስ ግን አታቁሙ፤ ይለፍ፤ ከዚያ በኋላ ተወያዩበት።

የቤት ሥራውም ከፊልሙ ይገኛል። እያንዳንዱ ተማሪ በካምፑ ውስጥ አንድ ሙያ የሚያውቅ ሰው ይምረጥ፤ ልብስ ሰፊ፣ ክራር መቺ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አዋላጅ። የሕይወት ታሪካቸውን ይጻፍ። ደንቡ የዌልደን ደንብ ነው፤ ሰውየው ያላሉትን ቃል በአፋቸው አለማስገባት። ያየውን «አየሁ» ይበል፤ የሰማውን «እሳቸው ነገሩኝ» ይበል፤ የገመተውን «ይመስለኛል» ይበል። በመጨረሻም ለሁሉም አንድ የግድ ጥያቄ አለ፤ «ይህን ሙያ የተማሩት የት ነው? መሣሪያውንስ ማን ሰጠዎት?» መልሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ አጎት፣ ከአንድ ጎረቤት ወይም ከአንድ አሮጌ ዕቃ ጋር የተያያዘ ሆኖ እንደሚገኝ እንጠብቃለን።

ተማሪዎቻችሁ የጻፉትን ለዝግጅት ክፍላችን ላኩልን፤ የባለታሪኩን ፈቃድ ጠይቃችሁ ይሁን እንጂ። የተሻሉትን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። ፊልሙን አይታችሁ በፈረሱ ጉዳይ ከእኛ ጋር የማትስማሙ ካላችሁም ጻፉልን፤ ክርክሩ ለሁላችንም ትምህርት ነው።